የመሪ ዘይት፦ ለጥያቄዎቻችሁ የተሰጡ መልሶች

ስለ መሪ ዘይት ያላችሁን እንድትጠይቁኝ ባሳሰብሁት መሠረት ከደረሱኝ መካከል የተደጋገሙትን መርጬ፣ በጋራዥ ሥራዬ ከማውቀው ተነሥቼ እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ መኪናዬ እ.ኤ.አ. የ1998 ሥሪት ቶዮታ ኮሮላ ናት። የመሪ ዘይቷ ስለ ጎደለ አንዱ መካኒክ «የካምቢዮ ዘይት ጨምር» ሲለኝ፣ ሌላው «አይሆንም» ይላል። ማንን ልስማ?

መልስ፦ ጠቡ ከቃሉ የመጣ ይመስለኛል። እኛ ዘንድ «የካምቢዮ ዘይት» ሲባል የማንዋሉም የአውቶማቲኩም ማለት ነው፤ ሁለቱ ግን ፈጽሞ አይገናኙም። የዚያ ዘመን ቶዮታዎች የመሪ ፓምፕ የሚፈልገው ዴክስሮን 2 ወይም ዴክስሮን 3 የሚባለውን ቀጭን የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት ስለሆነ፣ የመጀመሪያው መካኒክ ይህን ማለቱ ከሆነ ልክ ነው። ለማንዋል ካምቢዮ የሚሆነውን ወፍራም ዘይት ካመጣልዎት ግን አይቀበሉት። ከሁለቱም በፊት የሚሰማው የመኪናው መመሪያ መጽሐፍና የዘይት ማጠራቀሚያው ክዳን ነው፤ ክዳኑን በጨርቅ ጠርገው ቢያዩት ብዙ ጊዜ የዘይቱ ዓይነት በላዩ ተቀርጾ ያገኙታል።

ጥያቄ፦ መጠኑንና ንጽሕናውን ራሴ ማየት እችላለሁ?

መልስ፦ በሚገባ። መኪናውን ሜዳ ላይ አቁመው መሪውን ወደ ግራና ወደ ቀኝ ጥቂት ጊዜ ያዙሩት፤ ነገር ግን ጥግ ላይ ሲደርስ ከአምስት ሰከንድ በላይ አጥብቀው አይያዙት፤ ፓምፑ ይጎዳል። ከዚያ ሞተሩን አጥፍተው ኮፈኑን ይክፈቱ። በማጠራቀሚያው ጎን ወይም በክዳኑ መለኪያ ላይ ለቀዝቃዛና ለሞቀ ዘይት የተለያየ ምልክት ሊኖር ስለሚችል፣ ከረጅም ጉዞ መልስ በቀዝቃዛው ምልክት ለክተው «በዛ» እንዳይሉ ይጠንቀቁ። ከዘይቱ ጥቂት ጠብታ በነጭ ሶፍት ላይ ያድርጉ። ዴክስሮን ከሆነ አዲሱ ጥርት ያለ ቀይ ነው፤ ቡናማ ሆኖ የማረር ሽታ ካለው መቀየር አለበት፤ ጥቃቅን ጥቁር ቅንጣት ከታየበት ቱቦው ወይም የውስጥ ጎማው እየተፈረፈረ ሊሆን ይችላል። አረፋ ማውጣቱ አየር መግባቱን፣ ወተት መምሰሉ ውሃ መቀላቀሉን ያመለክታል።

ጥያቄ፦ ሆንዳ ነው የምነዳው። ቀይ ከሆነ ያው አይደለም?

መልስ፦ አይደለም። ቀለም ማቅለሚያ እንጂ መለያ አይደለም። ሆንዳ ለመሪ የራሱን ዘይት ያዝዛል፤ የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት ቢጨመርበት ማሸጊያ ጎማዎቹ ሊበላሹ ይችላሉ። በብዙ የጀርመን መኪኖችም ክዳኑ «ሲኤችኤፍ 11 ኤስ» የሚል ከሆነ ያንን አረንጓዴ ዘይት ብቻ ይጠቀሙ፤ ከቀዩ ጋር አያቀላቅሉ።

ጥያቄ፦ የቪትዜ የመሪ ዘይት ማስገቢያ የት ነው? ፈልጌ አጣሁት።

መልስ፦ የለም። የቪትዝ መሪ በኤሌክትሪክ ሞተር የሚታገዝ ስለሆነ ዘይት አያስፈልገውም፤ «የመሪ ዘይት ልቀይርልህ» ያለዎት ሰው ካለ ገንዘብዎን ይያዙ። መሪው ከከበደ የጎማውን አየር፣ የባትሪውን ኃይልና የማስጠንቀቂያ መብራቱን ያስመርምሩ።

ጥያቄ፦ በስሕተት የፍሬን ዘይት ጨመርሁበት። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ሞተሩን አያስነሡ፤ ሳይሽከረከር ዘይቱን በሙሉ አስወጥተው ያሳጥቡ። የፍሬን ዘይት በመሪ ውስጥ ያሉትን ጎማዎች ያሳብጣል። አንድ ደንበኛ ሳያውቁ ሁለት ሳምንት ነድተው ሲመጡ፣ ከፓምፑ ያወጣሁት ማሸጊያ ለስልሶ በጣቴ ስጫነው ይሰረጉድ ነበር። ተገላቢጦሹ ደግሞ የከፋ ነው፤ የመሪ ዘይት ፍሬን ውስጥ ከገባ መኪናውን ፈጽሞ አይንዱ፣ አስጎትተው ይውሰዱት።

ጥያቄ፦ በየወሩ እየጎደለ እጨምራለሁ፤ ሞተሩ እያቃጠለው ይሆን?

መልስ፦ የመሪ ዘይት እንደ ሞተር ዘይት አይቃጠልም፤ ከጎደለ የሆነ ቦታ እየፈሰሰ ነው። ማታ ከመኪናው ሥር ካርቶን ዘርግተው ጠዋት ይዩት። ካርቶኑ ደረቅ ሆኖ ከተገኘ በመሪው ዘንግ ሁለት ጫፎች ላይ ያሉትን የተሸበሸቡ የጎማ መሸፈኛዎች በእጅዎ ጨመቅ ያድርጓቸው፤ ውስጣቸው ዘይት ካቆረ የመሪው ሳጥን ማሸጊያ አልቋል። የሚያፈስሰው ከፓምፑ የሚወጣው ባለ ከፍተኛ ግፊት ቱቦ ከሆነ ግን በፕላስተርና በሽቦ ማሰሩን ይተዉት፤ መሪው ሲጠመዘዝ በውስጡ ያለው ግፊት ከመኪና ጎማ አየር በብዙ እጥፍ ስለሚበልጥ፣ ቱቦው መቀየር አለበት።