80 ዓመት የቆየ ምሳ

ባለፈው እትም አሮጌ የወታደር ራሽን እንደምሰበስብ ሁለት መስመር ጣል ባደርግ ጥያቄው ጎረፈ። «ጤነኛ ነህ?» የሚሉትን ለባለቤቴ ትቼላታለሁ። የቀሩትን እነሆ።

ጥያቄ፦ የምኖረው ሜሪላንድ ነው። ሰፈራችን አንድ ሽማግሌ አርፈው ልጆቻቸው የቤቱን ዕቃ ሲሸጡ ሰማያዊ ሕትመት ያለበት ትንሽ ካርቶን በ20 ዶላር ገዛሁ። «ኬ ራሽን፣ ዲነር» ይላል። አልተከፈተም። ስነቀንቀው አንድ ነገር ይንኳኳል። እውነተኛ ነው ወይስ ተሸወድኩ? ደግሞ ባሌ «ከፍተን እንቅመሰው» እያለ አስቸግሮኛል።

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ ባልሽን ያዢልኝ።

ኬ ራሽን በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የአሜሪካ ወታደር ኪሱ ከቶ የሚዘምትበት ስንቅ ነበር። ለአንድ ሰው በቀን ሦስት ካርቶን ነው። ያንቺ «ዲነር» ስለሚል እራት እንዳይመስልሽ፣ እዚህ ላይ ምሳ ማለት ነው፤ እራቱ «ሰፐር» ተብሎ ነው የተጻፈው። መጀመሪያ ላይ ካርቶኖቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ደብዛዛ መልክ ነበራቸው። በኋላ ላይ ነው ቁርሱ ቡናማ፣ ምሳው ሰማያዊ፣ እራቱ አረንጓዴ የሆነው። ስለዚህ ያንቺ፣ እውነተኛ ከሆነ፣ ከጦርነቱ መጨረሻ አካባቢ ነው። ውስጡ የአይብ ጣሳ፣ ብስኩት፣ ከረሜላ፣ ማስቲካ፣ ሲጋራ፣ ክብሪትና የሎሚ ዱቄት ይኖራል። የሎሚ ዱቄቱ ከመኮምጠጡ የተነሳ ወታደሮቹ ወለል ፈገፈጉበት ይባላል።

በ1944 (እ.ኤ.አ.) ብቻ ከ100 ሚሊዮን በላይ ኬ ራሽን ተመርቷል። ታዲያ ለምን ብርቅ ሆነ? ስለተበላ ነዋ! ካርቶኑ ራሱም አልተረፈም፤ የውስጠኛው ሣጥን እርጥበት እንዳይገባው ሰም የተነከረ ስለነበር ጥሩ አድርጎ ይነዳል፣ ወታደሩም ምግቡን ከጨረሰ በኋላ በእሱ ቡናውን ያሞቅበታል። ሰብሳቢ አንድ ያልተከፈተ ካርቶን ሲያገኝ የሚዘለው ለዚህ ነው።

እውነተኛነቱን ለመፈተሽ፦ የድሮ ጦርነት ልብስ ለብሰው ትርኢት የሚያሳዩ ሰዎች አሉ፤ ለእነሱ ተብሎ ልክ እሱን የሚመስል ካርቶን ዛሬም ይታተማል። ሻጩ ላያጭበረብር ይችላል፣ ራሱም ላያውቅ ይችላል። የብር ኖት የሚፈተሽበትን ሰማያዊ መብራት ተዋሺና ክፍሉን አጨልመሽ አብሪበት። የዘመኑ ወረቀት እንዲነጣ የሚጨመርበት ኬሚካል ስላለ እንደ ታጠበ ነጭ ሸሚዝ ያበራል። የዚያን ዘመን ካርቶን ግን ድንግዝግዝ እንዳለ ይቀራል። ቦግ ካለ 20 ዶላርሽን አልቅሺ። ካላበራ ደግሞ ገና ግማሽ መንገድ ነው፣ ሰሙንና የሕትመቱን ቀለም የሚያውቅ ሰው ያየው።

መቅመሱ ግን አይሆንም። ጣሳው ቢያብጥ ምክንያቱ ሁለት ሊሆን ይችላል። አንደኛው አሲድ ያለበት ምግብ ብረቱን እየበላ ሃይድሮጅን ጋዝ ሲያወጣ ነው። ሁለተኛው ባክቴሪያ ነው፣ ከእነሱም መካከል ቦቱሊዝም የሚያመጣው አለበት፤ እሱ ደግሞ ትንፋሽ የሚያስቆም መርዝ ነው። ከውጭ አይተሽ የትኛው እንደሆነ መለየት አትችይም። ያላበጠውም ቢሆን ማረጋገጫ የለውም። ያልተከፈተው ካርቶን ዋጋውም እንዳለ መቀመጡ ነው፣ ስትከፍቺው ግማሹ ይሄዳል።

የእኔን ጉድ ልንገርሽ። አንድ የፍራፍሬ ጣሳ ከሌሎቹ ጋር መደርደሪያ ላይ አስቀምጬ ነበር። አንድ ክረምት ጠዋት ምድር ቤት ስወርድ የተቦካ ነገር ይሸታል፤ ጣሳው በስፌቱ በኩል ቀዳዳ አውጥቶ ጥቁር ሽሮፑ ከታች ያሉትን ሦስት ካርቶኖች አጣብቋቸዋል። ከዚያ ወዲህ ጣሳ ያለበትን ሁሉ ለየብቻ፣ ትሪ ላይ፣ ቀዝቃዛና ደረቅ ቦታ ነው የማስቀምጠው። ካርቶንሽ ላይ የዘይት እድፍ ካየሽ ከሌላው ዕቃ አርቂው።

ጥያቄ፦ ከወታደር ዕቃ ሰብሳቢዎች ትርኢት ላይ አንዱ «ኤም አር ኢ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃለህ?» ብሎ ጠይቆኝ ራሱ መልሶ ሳቀ። «ኢትዮጵያውያን እንኳ እምቢ ያሉት ምግብ» ማለት ነው አለኝ። አዝኜ ወጣሁ። የእውነት እንዲህ ይባላል? (ከቨርጂኒያ)

መልስ፦ ይባላል ወንድሜ። ኤም አር ኢ የዛሬው የአሜሪካ ወታደር የታሸገ ስንቅ ነው፤ ትክክለኛው ትርጉሙ «ለመብላት የተዘጋጀ ምግብ» (Meal, Ready-to-Eat) ነው። ቀላጆቹ ፊደሎቹን ወስደው Meals Rejected by Ethiopians አደረጉት። ቀልዱ የወጣው ግን በእኛ አቆጣጠር ከ1977ቱ ረሃብ ዘመን ነው፤ ምግቡ ሠራዊቱ ውስጥ የገባው በ1981 (እ.ኤ.አ.) አካባቢ ስለነበር ሁለቱ ገጠሙ። አሜሪካኑ ወታደር የሚሰድበው ምግቡን ነው፣ መሳቂያ የሚሆነው ግን የእኛ ሰው። እኔም ሁለቴ ተነግሮኛል። አሁን ሲነግሩኝ ዝም ብዬ አያቸዋለሁ፣ አብዛኛው ያፍራል።

እርግጥ የመጀመሪያዎቹ ምግቦች መጥፎ ነበሩ፤ የደረቀ የአሳማ ሥጋ ብስኩት መሰል ነገር ሁሉ ነበረበት። ያንን እኛ ብንመልሰውም ነውር የለበትም። ነገሩን የሚያስገርመው ግን፣ በኋላ በ1993 (እ.ኤ.አ.) አሜሪካ ቦስኒያ ላይ ለተራቡ ሰዎች ከአውሮፕላን የጣለችው ሌላ ራሽን ሥጋ የሚባል የለበትም፣ የማንም ሃይማኖት እንዳይነካ ተብሎ። ምስርና ባቄላ ነው። እንደኛ ጾም ቁጠረው፣ ወተት ነክ ነገር ግን ትንሽ ሊኖርበት ይችላል።

ጥያቄ፦ የተገዛ ኤም አር ኢ መቼ እንደተሠራ እንዴት ይታወቃል?

መልስ፦ ጥቅሉ ላይ አራት አሃዝ አለ። የመጀመሪያው ቁጥር የዓመቱ መጨረሻ ነው፣ ሦስቱ ቀኑ ናቸው። 5068 ካለ በ5 የሚያልቅ ዓመት 68ኛ ቀን። የትኛው አሥር ዓመት እንደሆነ አይናገርም፤ ለዚያ ከረጢቱን እይ፣ ጥቁር ቡናማ ከሆነ ከ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አጋማሽ በፊት ነው።

ጥያቄ፦ አያቴ የቃኘው ዘማች ነበሩ። ካለፉ በኋላ ከቁልፋቸው ጋር የታሰረች፣ የምትታጠፍ፣ የአውራ ጣት የማታክል ብረት አገኘን። «ዩ ኤስ» የሚል አለባት። አባቴ የቲማቲም ጣሳ ይከፍትባታል። ስንት ታወጣለች? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ፒ-38 ትባላለች፣ የራሽን ጣሳ መክፈቻ ናት። የተፈለሰፈችው በ1942 (እ.ኤ.አ.) ነው፣ ርዝመቷም 38 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። ወታደሩ አንገቱ ላይ ከሚያንጠለጥላት የስም ብረት ጋር ያስራት ነበር። በሚሊዮን ስለተሠራች ጥቂት ዶላር ብታወጣ ነው። ለቤተሰባችሁ ግን ሌላ ነገር ናት። አያትህ ከአሜሪካ 32ኛው እግረኛ ሬጅመንት ጋር ተመድበው ኮሪያ ተራራ ላይ ሲዋጉ የሚበሉት የአሜሪካ ሠራዊት የጣሳ ምግብ ነበርና። እንዳታስወለውላት። ማን እንደያዛትና የት እንደነበር በወረቀት ጽፈህ አብራ አስቀምጣት፣ ከሜዳሊያቸው ጋር ፎቶ አንሳት።

አንድ ነገር ልብ በል፤ «የቃኘው ኬ ራሽን» ብሎ የሚሸጥልህ ካጋጠመህ ሽሽ። ኬ ራሽን በ1948 (እ.ኤ.አ.) ቀርቷል፣ የኛ ሰዎች ኮሪያ የደረሱት በ1951 (እ.ኤ.አ.) ነው።

ደግሞ እኔም አንድ ጥያቄ አለኝ። ዓመታት ፈልጌ ያጣሁት ኮቾሮ ነው፤ ያ ጥርስ የሚሰብረው የወታደራችን ደረቅ ዳቦ። ከነማሸጊያው ቤቱ ያለው ሰው ካለ ይጻፍልኝ። ማንም ሳይበላው ያስቀመጠ አልመሰለኝም፣ ግን ይጻፍልኝ።