ዶኒብሩክ፦ በድብድብ ስሟ የተጠራ ሰፈር

ልጆቼ፣ በትርጉም ሥራ ለምትጀምሩ አንዲት ምክር አለችኝ። በአንድ ቃል ላሳያችሁ።

የአሜሪካና የካናዳ ስፖርት ዜና ስታነቡ «ዶኒብሩክ» የሚል ቃል ይገጥማችኋል። የበረዶ ሆኪ ተጫዋቾች ዱላቸውን ጥለው በቡጢ ሲሞሸላለቁ ጋዜጠኛው እንዲህ ይላል። መዝገበ ቃላቱም «ሥርዓት የለሽ ድብድብ» ብሎ ይገላግላችኋል። እዚያ ላይ አትቁሙ።

ዶኒብሩክ የደብሊን ሰፈር ናት። ስሟ በአይሪሽ ቋንቋ የቤተ ክርስቲያን ስም ነው፦ «የብሮክ ቤተ ክርስቲያን»። እ.ኤ.አ. በ1204 የእንግሊዙ ንጉሥ ጆን በየዓመቱ ትልቅ ገበያ እንዲቆምባት ፈቀደ። ፈረስና ከብት ይሸጥ ነበር። እያደር ግን ንግዱ ቀርቶ ፌሽታው በረታ። በነሐሴ ድንኳን ይተከላል፣ ውስኪ ይቀዳል፣ ጭፈራው ይደራል። ሲመሽ ዱላ መማዘዝ ይከተላል። የሰፈሯ ስም የድብድብ መጠሪያ የሆነው ከዚህ የተነሣ ነው። የከተማው ሰዎች ተማርረው ገንዘብ አዋጥተው የገበያውን መብት በ3,000 ፓውንድ ገዙና በ1855 አዘጉት። በፖሊስ ሳይሆን በግዢ መዘጋቱ እስከ ዛሬ ያስቀኛል።

አሁን ይህን ቃል ማን ስለ ማን እንዳለ ጠይቁ። ድብድቡ መኖሩ አይካድም። ግን ከ600 ዓመት በላይ እዚያ ፈረስ የሸጠ፣ የዘፈነ፣ ለልጁ ጣፋጭ የገዛ ሰው ሁሉ በቃሉ ውስጥ የለም። የቀረው የተፈነካከተው ብቻ ነው። በዚያ ዘመን እንግሊዞች አየርላንዳዊን ሲያላግጡበት ሰካራምና ዱላ ወዳድ አድርገው ነበር የሚስሉት። ቃሉ ከዚያ ፌዝ ጥቂት ይዞ ቀርቷል። ስለ አየርላንድ ሰዎች በተጻፈ ጽሑፍ ውስጥ ስታገኙት ቆም ብላችሁ አስቡ።

ሌላው ነገር ቃሉ ቀልድ ቀላቅሏል። ሰው የሞተበትን ግጭት ደህና ጸሐፊ በዚህ ቃል አይጠራውም። በአንጻሩ ምክር ቤት ውስጥ አንድም ቡጢ ያልተሰነዘረበት ጭቅጭቅም ዶኒብሩክ ይባላል። ስለዚህ «አምባጓሮ» ብላችሁ ሁሉም ላይ አትለጥፉ፤ ክስ ክስ ይሸታል። ለሆኪው «ቅልጥ ያለ ድብድብ» ይበቃዋል። ለፖለቲከኞቹ «ያዙኝ ልቀቁኝ» እኔ በበኩሌ እመርጣለሁ።

ቃሉ በትልቅ ፊደል ጀምሮ ከመጣ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ሰፈሯ ናት፤ ጠብ አትፈልጉባት። የአየርላንድ ብሔራዊ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ዋና መሥሪያ ቤት እዚያ ነው፤ የራግቢ ስታዲየምም አላት።