ካርቶኑ ባቡር ሲሆን

ጥያቄ፦ በድሬዳዋ ከዚራ የምኖር የ5 ዓመት ልጅ እናት ነኝ። በሙቀቱ ምክንያት ልጄ ከቤት ስለማይወጣ ስልክ ላይ ተተክሎ ይውላል፤ የምገዛለት መጫወቻ ደግሞ በ2 ቀን ይሰለቸዋል። ምን ባደርግ ይሻላል?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ የፕላስቲክ መኪና ሁልጊዜ መኪና ስለሆነ ቶሎ ቢሰለች አያስገርምም፤ ባዶ ካርቶን ግን ጠዋት ሱቅ፣ ከሰዓት በኋላ ባቡር ሊሆን ይችላል። የሥነ ልቦና ምሁሩ ሌቭ ቪጎትስኪ እ.ኤ.አ. በ1933 ባቀረበው ትምህርት፣ ዱላን ፈረስ አድርጎ የሚጋልብ ልጅ የነገሩን ትርጉም ከነገሩ መለየት እንደሚጀምር አስረድቷል። እኛስ ዕቃ ዕቃ ስንጫወት፣ ማንም ሳያስተምረን፣ አሸዋውን ጤፍ፣ ቆርኪውን ድስት አድርገን አልነበረም?

ድሬዳዋ እ.ኤ.አ. በ1902 ከባቡር ሐዲዱ ጋር የተወለደች ከተማ ናትና፣ ወንበሮችን በተርታ ደርድረው፣ ያረጀ ነጠላ ጣሪያ አድርገው፣ «የጅቡቲ ቲኬት ስንት ነው?» ብለው ቢጠይቁት የቀረውን ልጅዎ ራሱ ይፈጥረዋል። እርስዎ ተሳፋሪ ይሁኑ እንጂ ባቡሩን አይንዱ፤ «እንዲህ አይደለም» እያሉ ማረም ጨዋታውን ይገድለዋል። ባቡሩ በእንጀራ ምጣድ ላይ ቢያልፍ እንኳ ይለፍ፣ ምጣዱ እስካልጋለ ድረስ። በቤት ውስጥ ከ3 ዓመት በታች ታናሽ ካለ ግን፣ ቆርኪና ባቄላን የመሰሉ ጥቃቅን ነገሮች ሊያንቁት ስለሚችሉ እጁ ከማይደርስበት ያስቀምጧቸው። ጨዋታው ሲያልቅ ካርቶኑን አይጣሉት፤ ነገ ሌላ ነገር ይሆናል።