ጓንት በየወሩ የሚያልቀው፣ ኤን95 የሚከመረው ለምንድን ነው?

እህቴ፣ ጥያቄሽ «የምርመራ ጓንት በየወሩ ያልቅብናል፣ ኤን95 ማስክ ግን ተከምሮ ጊዜው ያልፍበታል፤ ጥፋቱ የአቅራቢው ነው ወይስ የእኛ?» የሚል ነው። በገላን፣ በሰበታ፣ በቡራዩና በለገጣፎ በኩል በሆስፒታል ፋርማሲና መጋዘን የምትሠሩ ሁሉ ይሄን ችግር አሳምራችሁ ታውቁታላችሁ። የኢትዮጵያ መድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት፣ ብዙዎቻችን ዛሬም «ኤጀንሲው» የምንለው፣ የተጠየቀውን ሁሉ የማይሞላበት ጊዜ አለ። ቢሆንም እሱን ከመውቀሳችሁ በፊት ያለፉትን ሦስት አርአርኤፎች፣ ማለትም በየሁለት ወሩ የምትልኩትን የሪፖርትና የመጠየቂያ ቅጽ፣ ከፋይል አውጡና የዕቃው ገቢና ወጪ ከሚመዘገብበት ቢን ካርድ ጋር አስተያዩ። እጥረቱ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው እዚያ ወረቀት ላይ ነው።

አርአርኤፍ የሁለት ወር ፍጆታን በሁለት ያበዛና ከፍተኛውን የአራት ወር ክምችት ያወጣል፤ ከዚያ በእጅ ያለውን ይቀንሳል። ዕቃው ያለቀበት ቀን ካለ ግን የዚያን ጊዜ ፍጆታ ዜሮ ሆኖ ይገባል። ለምሳሌ በ60 ቀን ውስጥ 420 ፓኬት ጓንት ወጥቷል እንበል፤ 25 ቀን ግን መደርደሪያው ባዶ ነበር። በቀጥታ ካሰላችሁት 840 ይሆናል፣ በእጅ ያለው 90 ሲቀነስ 750 ትጠይቃላችሁ። እውነተኛው ፍጆታ ግን በ35 ቀን 420 ነው፤ በቀን 12 ፓኬት፣ በ60 ቀን 720። በሁለት ሲበዛ 1,440፣ 90 ሲቀነስ 1,350። ልዩነቱ 600 ፓኬት ነው፤ የ50 ቀን ጓንት ማለት ነው። በሚቀጥለው ዙር የበለጠ ያልቃል፣ ቁጥሩም የበለጠ ያንሳል። ስለዚህ ዕቃው ያለቀበትን ቀን ከቢን ካርዱ ቆጥራችሁ አስተካክሉ፤ ያስተካከላችሁበትንም ምክንያት ጻፉ፤ አለበለዚያ ተቀባዩ ቁጥሩን አጋናችሁ የጻፋችሁ ሊመስለው ይችላል።

በዚህ ምሳሌ 90 ፓኬት ላይ ቆማችሁ መደበኛውን ጊዜ መጠበቅ የለባችሁም። ለሆስፒታል አስቸኳይ ጥያቄ የሚላከው ክምችቱ ወደ ግማሽ ወር ሲወርድ ነው፣ እዚህ ላይ 180 ፓኬት። 90 የቀረው ለአንድ ሳምንት ብቻ ነው።

መለኪያውንም ተመልከቱ። አንዱ በፍሬ፣ አንዱ በጥንድ፣ ሌላው በፓኬት ይጽፋል። አንድ ፓኬት 100 ፍሬ፣ 50 ጥንድ ነው። ቢን ካርዱ በፓኬት ሆኖ ያው ቁጥር በጥንድ ተብሎ ከተጠየቀ የሚመጣው ዕቃ ከሚያስፈልጋችሁ አንድ ሃምሳኛው ይሆናል።

ሌላው ብዙ ሰው የማያየው ነገር አለ። የምርመራ ጓንት ሲያልቅ ማዋለጃና ድንገተኛ ክፍል የቀዶ ሕክምናውን ጓንት ቀዶ ይለብሳል። ምን ያድርጉ፣ በባዶ እጅ አይነካ። ውጤቱ ግን ሁለት ነው፤ ለኦፕራሲዮን የተቀመጠው 7 እና 7.5 ቁጥር ያልቃል፣ በአርአርኤፉ ላይ ደግሞ የቀዶ ሕክምና ጓንት ፍጆታ ያለአግባብ ያብጣል። ሄድ ነርሶችም እጥረት እየፈሩ በቁም ሳጥን ያስቀምጣሉ። ከመጋዘን የወጣ ሁሉ እንደተጠቀሙበት ስለሚቆጠር ያ ክምችት የትም አይታይም። መፍትሔው ለየዋርዱ ቋሚ የመረከቢያ ቀን መስጠትና አዲስ ከመስጠት በፊት የቀረውን መቁጠር ነው። ሰው ቀኑን ካመነ መደበቁን ይተዋል።

ኤን95 የሚከመረው አብዛኛውን ጊዜ ሳትጠይቁት በፕሮግራም ወይም በእርዳታ ስለሚመጣ ነው። ስትረከቡ የሚያልፍበትን ቀን ሞዴል 19 (የዕቃ መረከቢያ ደረሰኙ) ላይ አስፍሩ፤ ቀኑ የቀረበውን ፊት፣ የራቀውን ኋላ ደርድሩ። ቀኑ ሊያልፍ ስድስት ወር ሲቀረው ከተራ ፍጆታችሁ ጋር አወዳድሩት። ተርፎ ከታየ የቲቢ ሕሙማን ለሚበዙበት ሌላ ተቋም በሕጋዊ መንገድ እንዲዛወር ያኔውኑ ጠይቁ። አንድ ወር ሲቀረው የሚቀበል አታገኙም።

ከኤጀንሲው «የለም» የሚል ማረጋገጫ ይዛችሁ ከግል አቅራቢ ስትገዙ ደግሞ ዋናው ነገር ዝርዝር መግለጫው ነው። «ጓንት፣ መካከለኛ» ብቻ ተብሎ ከወጣ አሸናፊው ርካሹ ይሆናል፣ ተቀደደ ብላችሁም መመለሻ አይኖራችሁም። ዱቄት የሌለው፣ ርዝመቱ ቢያንስ 240 ሚሊሜትር፣ በፓኬት 100 ፍሬ፣ ከናሙናው ጋር የሚመሳሰል ብላችሁ ጻፉ። ርክክቡ ላይ ከተለያዩ ካርቶኖች ጥቂት ፍሬ አውጡ፤ አንዱን ፓኬት ከፍታችሁም ፍሬውን ቁጠሩ። ጓንቱን አንድ ሊትር ውኃ ሙሉትና ሁለት ደቂቃ አንጠልጥሉት። ቀዳዳ ካለው ጠብታው ብዙውን ጊዜ በጣቶቹ መሃል ይታያል። ሳትፈትሹ ሞዴል 19 አትፈርሙ፤ ከተፈረመ በኋላ መከራከር ከባድ ነው። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 እንደሚዘጋና አዲሱ በጀት እስኪለቀቅ ግዥ እንደሚዘገይ አስባችሁም የግንቦቱን ጥያቄ ነሐሴን ጭምር እንዲሸፍን አድርጉ።

ቦታ ጠቦ ግቢ ውስጥ ኮንቴነር ለምትጠቀሙ፣ ላቴክስ ጓንት እዚያ አታስቀምጡ። በበጋ ቆርቆሮው ይግላል፤ ላቴክሱ ቀኑ ሳያልፍ ይደርቅና ይጣበቃል፣ ሲለበስ አንጓው ላይ ይተረተራል። በረኪናም ኃይሉን ያጣል። ኮንቴነሩ አልጋና ወንበር ይያዝ። ዋናው መጋዘን ውስጥ ካርቶኑን ከወለል 10፣ ከግድግዳ 30 ሳንቲሜትር አርቁ፤ አልኮል ለብቻው ይቀመጥ።

በመጨረሻ፣ ያልጠየቅሽውን ልጨምር። የጽዳትና የላውንደሪ ሠራተኞች ወፍራም ጓንትና ቦቲ ብዙ ቦታ የማንም ሥራ አይደለም፤ ፋርማሲው የጠቅላላ አገልግሎት ነው ይላል፣ ጠቅላላ አገልግሎት የፋርማሲው ነው ይላል። በአንሶላ መሃል በቀረ መርፌ የሚወጉት ግን እነሱ ናቸው። በሚቀጥለው የመድኃኒት ኮሚቴ ስብሰባችሁ ላይ ጥያቄውን ማን እንደሚጽፍ በስም ቃለ ጉባኤ ላይ አስይዙት።