«የማውቀው የድሮ ፕሮግራም ነው» ላልሽኝ እህቴ

ከደሴ የጻፍሽልኝ እህቴ፣ በሃርድዌርና ኔትወርክ ደረጃ 4 ጨርሰሽ፣ ሲኦሲ (የሙያ ብቃት ምዘና) አልፈሽ፣ ስድስት ዓመት ጥገና ቤት ሠርተሻል። አሁን ገበያው ቀዝቅዟል። አንድ ባንክ የአይቲ ሰፖርት ባለሙያ እንደሚፈልግ አይተሽ «የማውቀው ኖርተን ጎስት (የዲስክ መቅጃ)፣ ሂረንስ ቡት (የኮምፒውተር መጠገኛ ስብስብ)፣ ዩኤስቢ ዲስክ ሴኩሪቲ (የፍላሽ ቫይረስ መከላከያ) ነው፤ ሲቪዬ ላይ ብጽፈው ይስቁብኛል» ብለሻል። ጅዳ ያለው አጎትሽ ደግሞ ያንን ሁሉ ትተሽ የሦስት ወር «ኤቲካል ሃኪንግ» (ድክመቱን ለማግኘት በፈቃድ ሲስተም ሰብሮ መግባት) እንድትማሪ 70,000 ብር ሊልክልሽ ነው።

አትደብቂው። የፕሮግራም ስም ብቻውን ሲደረደር በእርግጥ ያረጀ ይመስላል። ፕሮግራሙ ምን ይሠራ እንደነበር ከነምክንያቱ ማስረዳት የሚችል ሰው ግን ጠያቂዎቹ ፊት አያፍርም።

የፍላሽ ቫይረስን እንውሰድ። ደንበኛው ፍላሹን ይዞ ይመጣል፤ ፎልደሮቹ ሁሉ ሾርትከት ሆነዋል፤ «ፋይሌ ጠፋ» ይልሻል። አንቺ እንዳልጠፋ ታውቂያለሽ። ፋይሉ ተደብቋል፤ አትሪብ በሚለው ትእዛዝ ኤች፣ ኤስና አር (ድብቅ፣ የሲስተም፣ ለንባብ ብቻ) ከሚሉት ፊደላት ፊት የመቀነስ ምልክት አድርገሽ ታወጪዋለሽ። ይህን ብቻ አድርገሽ ከሸኘሽው ግን በማግስቱ ይመለሳል፤ ቫይረሱ ኮምፒውተሩ ላይ ተቀምጦ የተሰካውን ፍላሽ ሁሉ ይበክላልና። ስለዚህ መጀመሪያ ኮምፒውተሩን ከኔትወርክ ትነቅያለሽ፣ ከዊንዶውስ ጋር አብሮ የሚነሣውን ባዕድ ፕሮግራም ፈልገሽ ታጠፊያለሽ፣ ፍላሹን የምታጸጂው ከዚያ በኋላ ነው። ባንክ ቤት ይህ ቅደም ተከተል «ኢንሲደንት ሪስፖንስ» (ለደኅንነት አደጋ ምላሽ መስጠት) ይባላል።

ታሪኩንም ጨምሪበት። በዊንዶውስ ኤክስፒ ዘመን ፍላሹ ላይ የተቀመጠ አውቶራን የሚባል ትንሽ ፋይል ፕሮግራም ሊያስነሣ ይችል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2008 መጨረሻ የተነሣው ኮንፊከር የተባለ ቫይረስ ከተስፋፋባቸው መንገዶች አንዱ ይኸው ነበር። ዩኤስቢ ዲስክ ሴኩሪቲ የሚጠብቀው ያንን በር ነው። ዊንዶውስ 7 በሩን ለፍላሽ ዘጋው፤ እ.ኤ.አ. በ2011 መጀመሪያ ማይክሮሶፍት ለኤክስፒና ለቪስታም በዝማኔ ዘጋላቸው። ሾርትከት የሚሠሩት ቫይረሶች ግን በሩን አልፈለጉትም፤ ባለቤቱ ራሱ እንዲጫናቸው ፎልደር መስለው ጠበቁት። ዛሬ ለባንክ ሠራተኛ የሚላከው የማጭበርበሪያ ኢሜይልም የሚጠብቀው ያችኑ አንድ ጠቅታ ነው። ደንበኛን ስድስት ዓመት «ይሄን አይጫኑ» ብሎ ማስረዳት የደኅንነት ሥራ ነው፤ ሲቪሽ ላይ ይግባ።

የጠፋ ፎቶ መመለሱም እንዲሁ። ፋት በሚባለው የድሮ የፋይል አመዘጋገብ በሚሠራ ዲስክ ላይ ፋይል ሲሰረዝ የስሙ የመጀመሪያ ፊደል ኢ5 በሚባል ምልክት ይተካል፣ የያዘው ቦታም ነፃ ተብሎ ይመዘገባል፤ ይዘቱ ግን ሌላ ነገር እስኪጻፍበት ባለበት ይቆያል። አንኢሬዝ የተባለው የኖርተን ፋይል ማስመለሻ ይሠራ የነበረው በዚህ ነው። ማስመለሻውን ፕሮግራም እዚያው ዲስክ ላይ የሚጭን ሰው ፋይሉን በገዛ እጁ የሚያጠፋውም በዚህ ምክንያት ነው። ኤስኤስዲ በሚባለው አዲሱ ፈጣን ዲስክ ላይ ደግሞ ትሪም የሚባለው አሠራር የተሰረዘውን ቶሎ ስለሚያጸዳ የመመለሱ ዕድል በጣም ጠባብ ነው። ለጠያቂሽ ይህን ልዩነት ነግረሽ፣ «ስለዚህ ባክአፕ ይቅደም» በይው።

እንግዲህ ሲቪሽ ላይ «ኖርተን ጎስት አውቃለሁ» አትበይ። «የአንድ ኮምፒውተር ዊንዶውስ በኢሜጅ (በሙሉ ቅጂ) ለብዙ ኮምፒውተሮች አሰራጫለሁ፤ ከመቅዳቴ በፊት ሲስፕሬፕ አደርጋለሁ» ብለሽ ጻፊ። ሲስፕሬፕ ዊንዶውስን ለመቅዳት የሚያዘጋጅ የማይክሮሶፍት መሣሪያ ነው፤ ካላደረግሽው ቅጂዎቹ ሁሉ አንድ መለያ ቁጥር ይዘው ይነሣሉ፤ ኔትወርክ ላይ የመግቢያ ችግር ሊያመጣ ይችላል። እስከ ዛሬ ሲስፕሬፕ ሳታደርጊ ከሆነ ስትቀጂ የኖርሽው፣ በዚህ ሳምንት ተለማምደሽ ጻፊው። ክራክ የሚባለውን (ሶፍትዌርን ሳይገዙ ሰብሮ መክፈቻ) ግን ከአፍሽም ከእጅሽም አውጪው። በክራክ የተከፈተ አንቲቫይረስ የጫነ ባለሙያን ባንክ አያምነውም፤ ትክክልም ነው።

አሁን የአጎትሽ ብር። አጎትሽ ያስብልሻል፣ ብሩ ግን ያለ ቦታው እየወጣ ነው። ተጠቃሚ እንዴት እንደሚገባ፣ ፈቃድ እንዴት እንደሚሰጥ፣ ሎግ (ኮምፒውተሩ የሆነውን የሚመዘግብበት) እንዴት እንደሚነበብ ያልያዘ ሰው በሦስት ወር የሚያገኘው የምስክር ወረቀት ብቻ ነው። እነዚህ ደግሞ የሚለመዱት ሰፖርት ላይ ነው። «ብሩን ያዝልኝ፤ ለ16 ጊጋ ራምና ለአንድ ኤስኤስዲ የሚሆነውን ብቻ ላክልኝ» በይው። ያም ባይመጣ 8 ጊጋ ያለው ማሽን ይበቃል፦ ቨርቹዋልቦክስ (በአንድ ኮምፒውተር ውስጥ ሌሎች ኮምፒውተሮችን የሚያስነሣ ፕሮግራም) ጫኚ፣ ለ180 ቀን በነፃ የሚሰጠውን የዊንዶውስ ሰርቨር የሙከራ ቅጂ በ2 ጊጋ፣ ዊንዶውስ 10ን በሌላ 2 ጊጋ አስነሺ። ያዘግማል እንጂ ይሠራል። ዶሜይን (ኮምፒውተሮችና ተጠቃሚዎች ከአንድ ቦታ የሚተዳደሩበት ኔትወርክ) አቋቁሚ፣ አሥር ተጠቃሚ ፍጠሪ፣ የአንዱን የይለፍ ቃል ቀይሪ፣ ከዚያ በግሩፕ ፖሊሲ (ለሁሉም ኮምፒውተር በአንድ ጊዜ ደንብ ማውጫ) አውቶራንን በሁሉም ላይ ዝጊ። በየፍላሹ ስትሠሪው የኖርሽውን አንድ ቦታ ተቀምጠሽ መሥራት ማለት ይህ ነው።

ወንድምሽ «የወንድ ሥራ ነው» ያለውን ስድስት ዓመት ሠርተሽበታል፤ መልስ አያስፈልገውም።

ማስታወቂያው የሚዘጋው በአሥር ቀን ውስጥ ነው ብለሻል። ሲቪውን እስከ ሐሙስ ላኪልኝና አብረን እናየዋለን።