ከቲንግ ማቱ አበጠብኝ፣ ቁርጡም አልገጥም አለ

ከባሕር ዳር የጻፈችልኝ እህት የሰርግ ጥሪ ካርድና የስጦታ ሣጥን ትሠራለች። ካርዱ ላይ ከደረቅ ደንገል የተቆረጠች ትንሽ ታንኳ ትለጥፋለች። ወረቀት በከተር ሲቆረጥ ከሥር የሚነጠፍ፣ ኤ3 የሆነ አረንጓዴ ከቲንግ ማት ከገዛች አምስት ወሯ ነው። «ጋሼ፣ ራሱን ይጠግናል ተብዬ ነው የገዛሁት። አሁን መሃሉ ላይ የከተሩ መስመር ሁሉ ተከፍቶ ቀርቷል። አንዱ ጥግ ደግሞ ክብ ሆኖ አብጧል። ማስመሪያው ይወዛወዛል፣ ቁርጡ ይጣመማል። ወንድሜ ስንጥቁን በሱፐር ግሉ ሞልቶ በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈገው፣ ባሰበት። ጎረቤቴ በካውያ ተኩሺው ትለኛለች። ልጣለው ወይስ ይድናል?» ብላለች።

አትጣይው እህቴ። ካውያም አታስጠጊበት።

«ክብ ሆኖ አብጧል» ስትዪኝ ነው ነገሩ የገባኝ። ፀሐይ የመታው ማት ዳርዳሩ ይነሳል፣ ወይም እንደ ሳህን ይጎደጉዳል። ክብ እብጠት ግን ከክብ ነገር ነው የሚመጣው። ጀበና አርፎበታል፣ ካልሆነም የሻይ ማንቆርቆሪያ። አልጻፍሽልኝም፣ ግን ቡና ሲፈላ ጠረጴዛው ጠብቦ የሆነ ሰው ለአፍታ ያሳረፈው ይመስለኛል። የጀበናሽን መቀመጫ እብጠቱ ላይ አድርገሽ ለኪው። ልክክ ካለ ምክንያቱ እሱ ነው። ማቱ የሚሠራበት ፒቪሲ የሚባል ለስላሳ ፕላስቲክ ከ60 ዲግሪ አካባቢ ጀምሮ ቅርጹን መልቀቅ ይጀምራል። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ በ94 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ከከሰል ላይ የተነሳ ጀበና ደግሞ መቀመጫው ከዚያም በላይ ይግላል። ለአፍታ ማሳረፉ ይበቃል።

የመሃሉ ስንጥቅ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። እሱ የደንገሉ ሥራ ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ይህን ነገር በትክክል የሚያስረዳ ሻጭ እስካሁን አላየሁም። «ራሱን ይጠግናል» የሚለው አባባል ሰውን ያሳስታል። ማቱ አይጠግንም። የተቆረጠው ተመልሶ አይጣበቅም። የሚሆነው ምን መሰለሽ፦ ጣና ዳር ታንኳ በቆመ ደንገል መሃል ሲያልፍ አይተሻል። አገዳው ወደ ግራና ወደ ቀኝ ጋደል ይላል፣ ታንኳው ያልፋል፣ ደንገሉ ከኋላው ይገጥማል። ትንሽ ቆይተሽ ብትመለከቺ መንገዱ የት እንደነበረ አይታወቅም። ከተርሽ ታንኳው ነው፣ የማቱ ላይኛ ሽፋን ደንገሉ ነው። ሽፋኑ ለስላሳና ተመላሽ ስለሆነ ቀጭን ምላጭ ሲገባበት ገለል ይላል፣ ሲወጣ ይዘጋል። ከሥሩ ጠንካራ ሽፋን አለ፤ ምላጩን የሚያስቆመው እሱ ነው። ከዚያ ቀጥሎ እንደገና ለስላሳ። ጥሩ ማት ቢያንስ ሦስት ሽፋን አለው፣ አምስት ያለውም አለ፣ ውፍረቱ አብዛኛውን ጊዜ 3 ሚሊ ሜትር ነው። አሁን በታንኳ ፈንታ አንድ ሰው ማጭድ ይዞ ደንገሉን እያጨደ ቢያልፍስ? መንገዱ ተከፍቶ ይቀራል፣ ምክንያቱም የሚመለስ አገዳ የለም። ከተርሽን ወደ ጎን አጋድመሽ ስትቆርጪ፣ ወይም በደነዘዘ ምላጭ አንድ መስመር ላይ ስትመላለሺ የምታደርጊው ይህንኑ ነው። ከማቱ ላይ ቀጭን ፍቅፋቂ ይነሳል። የተነሳው ደግሞ አይመለስም። ሌላም አለ። ታንኳው ካለፈ በኋላ መንገዱ ውስጥ ግንድ ጣልቃ ቢገባ ደንገሉ ለመግጠም ቢፈልግም አይችልም። ያንቺ ማት ላይ የሆነው በአብዛኛው ይሄ ነው። ደረቅ ደንገል ሲቆረጥ ጭረት፣ ማለትም ክር የመሰለ ቀጭን ስንጥር፣ ይተዋል። ምላጩ ጭረቱን እየገፋ ወደ ስንጥቁ ያስገባዋል። ስንጥቁ ይሞላል፣ አፉን ከፍቶ ይቀራል።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ መልቀም ነው። ማቱን ብርሃን ያለበት ቦታ አድርጊና ስንጥቁ ወደ ላይ እንዲከፈት በሁለት እጅሽ በጣም በትንሹ ለጠጥ አድርጊው። ጭረቱን በወረንጦ አውጪ። ከዚያ አሮጌ የጥርስ ብሩሽ ይዘሽ በስንጥቁ አቅጣጫ ጥረጊ፣ አግድም ሳይሆን። ነጭ ላጲስም ክብ ክብ እያደረግሽ ብታሺበት የወረቀት ብናኝ ይነሳል። በመጨረሻ ለብ ባለ ውሃና በጥቂት ፈሳሽ ሳሙና እጠቢው። ፍል ውሃ አይሁን። በረኪና፣ ቲነር፣ አሴቶን የሚባል ነገር አጠገቡ አይድረስ፤ ሽፋኑን ሊያበላሹት ይችላሉ። ጥላ ውስጥ በጀርባው አስተኝተሽ አድርቂው።

አሁን ወደ ወንድምሽ ልምጣ። ለመርዳት ብሎ መሆኑ ይገባኛል፣ ግን ሱፐር ግሉ ለዚህ ሥራ ከሁሉም የከፋ ምርጫ ነው። ሲደርቅ እንደ መስታወት ይጠነክራል። ምላጭሽ እዚያ ሲደርስ ወይ ጫፉ ይሰበራል፣ ወይ መንገዱን ስቶ ይዘላል። ቁርጡ ተጣመመ ያልሽው ግማሹ ከዚህ የመጣ ሳይሆን አይቀርም። በብርጭቆ ወረቀት መፈግፈጉ ደግሞ ጤነኛውን ሽፋን ጨምሮ ገፎታል። እንዲህ ተደርጎለት የሚመጣ ማት ብዙ አይቻለሁ፣ በሙጫ የዳነ አንድም የለም። ማቱን ለጠጥ ስታደርጊው የተሰባበረውን ሙጫ በወረንጦ ልቀሚው። ያልወጣውን በሹል ነገር አትቧጥጪ፣ በማርከር ክበቢውና በዚያ ላይ መቁረጥ አቁሚ። ምላጭ ከሚዘልበት ቦታ ላይ ጣት እንዳይኖር ነው ፍርሃቴ።

ይህን ካነሳሁ አይቀር፦ ማስመሪያውን የያዘው እጅሽ ጣቶች ከመቁረጫው ጠርዝ ይራቁ። አውራ ጣት ሁልጊዜ ወደ ውጭ ማበጥ ይወዳል፣ አንቺ ሳታውቂው ጠርዙን ያልፋል። ከእኔ ጋር ይሠራ የነበረ ልጅ የአውራ ጣቱ ጫፍ የሄደው እንደዚህ ነው። በመቁረጥ ላይ እያለ በር ተንኳኳ፣ ዞር አለ፣ ያው ነው።

እብጠቱን እንዲህ ሞክሪው። አቃንቶ ይመልሰዋል ብዬ ቃል አልገባም፣ ጀበና የለጠጠው ቦታ አንዳንዴ ሙሉ በሙሉ አይመለስም። ማቱን ለብ ባለ ውሃ ውስጥ፣ እጅሽን ከትተሽ በምቾት የምትቆዪበት ሙቀት ላይ፣ ሩብ ሰዓት አስተኚው። አውጥተሽ አድርቂና ሁለት ለጥ ያሉ ኮምፔንሳቶዎች መሃል አድርጊው። ከላይ ክብደት ጫኚ፣ የውሃ ጀሪካን ይበቃል። ሁለት ሦስት ቀን አትንኪው። የካውያው ነገር የማይሆነው ለዚህ ነው፤ ሙቀት ያመጣውን በበለጠ ሙቀት ለማቃናት ስትሞክሪ ላዩ ይቀልጣል፣ የታተመበት የመለኪያ መስመር ይጠፋል፣ ሽፋኖቹም ሊላቀቁ ይችላሉ። ከሦስት ቀን በኋላ የብረት ማስመሪያ በጠርዙ አቁሚበት። ከሥሩ ብርሃን ካላለፈ ድኗል።

ካልዳነስ? ቁረጪው። ኤ3 ለሁለት ሲከፈል ሁለት ኤ4 ይሆናል፣ እብጠቱ ጥግ ላይ ነው ስላልሽ አንዱ ግማሽ ደህና ነው። 420 ሚሊ ሜትር የሆነውን ጎን መሃሉ ላይ 210 ላይ ምልክት አድርጊ፣ አዲስ ምላጭ አስገቢ፣ ሳትጫኚ አሥር አሥራ አምስት ጊዜ ተመላለሺበት። በአንድ ጊዜ ልጨርሰው ብለሽ አትጫኚ። ጣት ከጠርዙ ይራቅ አልኩሽ፣ እዚህ ላይ በተለይ። ያበጠውን ግማሽ ሙጫ ስትቀቢ ከሥር አንጥፊው። በነገራችን ላይ ያበጠ ማት ላይ ያሉትን የሴንቲ ሜትር መስመሮች አትመኛቸው። የካርድሽን ጥግ በስኳድራ ለኪ።

ስለ ምላጭ ልናገር። ገበያው ውስጥ በጥቅል የሚሸጥ በጣም ርካሽ ምላጭ አለ፣ ሲነካ የሚጎብጥ፣ ከጥቅሉ ሲወጣ ራሱ ጠርዙ የሻከረ። ያ ምላጭ ወረቀቱን ይቀደዋል፣ ማቱን ይልጠዋል፣ የቆጠብሽው ብር በማቱ ይሄዳል። ለወረቀትና ለካርቶን 9 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ቀጭኑ ከተር ይበቃሻል፣ 18ቱ ለወፍራም ካርቶንና ለቆዳ ነው። ሰው ደግሞ ምላጭ መስበር ይሳሳል። መሰበር እኮ ነው የተሠራበት ምክንያት! በኦሳካ ማተሚያ ቤት ይሠራ የነበረው ዮሺዮ ኦካዳ እ.ኤ.አ. በ1956 ሲሠራው ሐሳቡን ያገኘው ከሚቆራረስ ቸኮላትና ከተሰበረ ብርጭቆ ስለት ነው። ጫፉ ደነዘዘ፣ ቆርሰሽ ጣይ፣ አዲስ ጫፍ አለ። ስትሰብሪው በእጅሽ ሳይሆን በፒንሳ ይሁን፣ ስብርባሪውም ክዳን ባለው ቆርቆሮ ይግባ። ክረምት ላይ ሐይቁ ዳር እርጥበቱ ምላጭ ያዝጋል፣ ስለዚህ ትርፉን አንድ ጠብታ ዘይት በነካ ጨርቅ ጠቅልለሽ አስቀምጪ።

የፕላስቲክ ማስመሪያ ካለሽ ለልጆች ስጪው። ከተር ይወጣበታል፣ ጠርዙን ይበላዋል፣ ከዚያ ወደ ጣት ነው። ብረት ይሁን፣ ከሥሩ የማያንሸራትት ላስቲክ ያለው ቢሆን ደግሞ ይሻላል።

ሌላ ማት ከገዛሽ ጎኑን እይው። የሽፋኖቹ መስመር ጎኑ ላይ መታየት አለበት። ጎኑ ከላይ እስከ ታች አንድ ወጥ የሆነ፣ ጠረኑ የሚከረፋና በጥፍር ስትጫኚው እንደ ባልዲ ደረቅ የሆነ አረንጓዴ ፕላስቲክም «ከቲንግ ማት» ተብሎ ይሸጣል። እሱ ላይ መስመር ታትሞበታል እንጂ የሚገጥም ሽፋን የለውም። ያንቺው አምስት ወር ጥሩ ከሠራልሽ እንደዚያ አይመስለኝም። ወደ ቤት ስትወስጂውም ጠቅልለሽ ባጃጅ ኋላ አትወርውሪው፤ በጠፍጣፋው ያዢው፣ ቤት ውስጥም ግድግዳ ላይ አታስደግፊው፣ ፍራሽ ሥር ይተኛ።

ደንገሉን ግን ማቱ ላይ መቁረጥ ተይ። ወፍራም የካርቶን ቁራጭ ከሥር አድርጊ፣ ካርቶኑ ሲበላሽ ቀይሪው። ከመቁረጥሽ በፊት ደንገሉን በእርጥብ ጨርቅ አምስት ደቂቃ ብትጠቀልይው ጭረቱ ይቀንሳል፣ የታንኳዋም አፍንጫ አይሰነጠቅም። ማቱን ካጸዳሽና ካቃናሽ በኋላ በአዲስ ምላጭ፣ ከተሩን ወደ ጎን ሳታጋድሚ፣ ደህናው ቦታ ላይ አንድ መስመር ቁረጪ። ጣት ከጠርዙ ርቆ። ከዚያ በአውራ ጣትሽ አንዴ ዳበስ አድርጊውና እይ። መስመሩ ከጠፋ ካርዶችሽን ጀምሪ። ካልጠፋ የማቱን ጎን በቅርብ ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ፣ ሽፋኑን አይቼ እነግርሻለሁ።