ሥጋውን ተውሽ፤ በምትኩ ምን ገባ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ሲስተር። የምኖረው ሐዋሳ ነው፤ የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ሁዳዴ ካለቀ በኋላም ወደ ሥጋ አልተመለስኩም። ወተትና እንቁላልም ትቻለሁ። መጀመሪያ ቀለል ብሎኝ ነበር፤ ሰሞኑን ግን ደረጃ ስወጣ ይደክመኛል። ባለቤቴ «ሥጋ ካልበላሽ ደምሽ ያልቃል» ይለኛል። ብዙ ጊዜ የምበላው ዋሳ (የእንሰት ቆጮ) በጎመን ነው። እውነት ያለ ሥጋ አይኖርም?

መልስ፦ እህቴ፣ ያለ ሥጋ በደንብ ይኖራል። እኔን ያሳሰበኝ ሳህንሽ ላይ የቀረው ነው። ዋሳ ኃይል ይሰጣል፤ ፕሮቲኑ ግን በጣም ትንሽ ነው። በቅቤ፣ በወተትና በአይብ የሚበላውም ያለ ምክንያት አይደለም። አንቺ እነሱን አንስተሽ ዋሳውን ብቻውን አስቀረሽው። ጎመን ጥሩ ነው፤ ይህን ጉድለት ግን አይሞላም።

100 ግራም የበሰለ ሥጋ 25 ግራም ገደማ ፕሮቲን አለው። ያንኑ ያህል የተቀቀለ ምስር ደግሞ 9 ግራም ገደማ። ስለዚህ ምስሩን ለማባያ ያህል በጥቂቱ አትውሰጂ፤ ሞልተሽ ብዪ። ቦሎቄም እንደዚሁ። ሽሮ በእንጀራ ደግሞ ግሩም ነው፤ የጤፉና የሽምብራው ፕሮቲን አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሞላል።

ባለቤትሽ ስለ ደም ያለው ከሜዳ አልተነሳም። የሥጋን አይረን ሰውነት በቀላሉ ይወስደዋል፤ የምስርና የጎመኑን ግን በጥቂቱ። ሎሚ ጭመቂበት፣ ጥሬ ቃሪያ ወይም ቲማቲም አብረሽ ብዪ፤ ይረዳል። ቡናና ሻይ ደግሞ ያግዱታል። ከምሳ በኋላ ቢያንስ አንድ ሰዓት ይቆዩልሽ። ይህን ለሚመጡት እናቶች ሁሉ እነግራለሁ። ሎሚውን ወዲያው ይቀበሉኛል፤ ቡናው ላይ ግን ክርክር ነው።

ቫይታሚን ቢ12 ግን ከምስርም ከጎመንም አይገኝም። ወይ ከእንስሳት ምግብ ነው፣ ወይ ከእንክብል። ጉበት ለዓመታት ስለሚያከማቸው ጉድለቱ ዘግይቶ ነው የሚታየው። እጅና እግር መደንዘዝ ሲጀምር ነርቭ ተነክቶ ሊሆን ይችላል። ስለ ዓሣ አልጻፍሽልኝም። ካልተውሽው የአሞራ ገደል ዓሣ ገበያ ቅርብሽ ነው፤ ቆሮሶ ዓሣ ፕሮቲኑንም ቢ12ቱንም ይዟል። ጥሬውን በዳጣ የሚበላው ብዙ ነው። አንቺ አብስለሽ ብዪ፤ ጥገኛ ትል ሊኖርበት ይችላል።

ለባለቤትሽም የምለው አለኝ። ሥጋ በየቀኑ መብላት ጤና አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም በ2015 እ.ኤ.አ. ቀይ ሥጋን ካንሰር የማምጣት ዕድል አላቸው ከሚላቸው ጋር መድቦታል። እንደ ሞርታዴላ ያሉትን ደግሞ በቀጥታ ካንሰር አምጪ ብሏቸዋል። ቁርጥ ሲሆን የኮሶ ትልም አለ።

ድካሙን ግን በግምት አናልፈውም። ጤና ጣቢያ ሄደሽ የደም ማነስ ምርመራ አድርጊ። በራስሽ አይረን ገዝተሽ አትጀምሪ፤ መንስኤው ሌላ ሊሆን ይችላል። ትንሹ ልጅሽ ጡት የሚጠባ ከሆነ ደግሞ የቢ12ን ነገር ዛሬ ነገ አትበዪ፤ እሱም የሚያገኘው ካንቺ ነው።